የመሪጌታ ክንፈ የዝምታ ቀን

በዘመነ ዮሐንስ፥ በሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፥ ከጥቅምት ወር በአንዱ ረቡዕ ማለዳ፥ መሪጌታ ክንፈ ሄዎን በምትባለው የኮሪያ ወደብ ከተማ ካደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ሲወጡ፥ የመውጫው በር በልጃቸው ድምፅ፥ «አባባ፥ እንዴት አደሩ?» አላቸው።

መሪጌታ አልመለሱም። በሰባ አራት ዓመት ዕድሜያቸው ሰላምታውን ሳይመልሱለት ያለፉት ሰው አልነበረም፤ በርስት የተካሰሱትን ባላጋራቸውን እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይሉት አያልፉም። ዛሬ ግን ከንፈራቸውን ገጥመው፥ መቋሚያቸውን ጨብጠው ደፉን ተሻገሩ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ፥ «የባሕሩ ነፋስ ክፉ ነው፤ ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ» አለ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሊደርቡ የዘረጉትን እጅ መልሰው ሰበሰቡ፤ ብርዱንም ታገሡት።

ከደጅ ሁለት ሰዎች ይጠብቋቸው ነበር። አንደኛዋ ሶዮን፥ የልጃቸው የናሁሠናይ እጮኛ የነበረችው ነርስ ናት። አማርኛን ያስተማራት ናሁሠናይ ስለሆነ፥ ዐይኑን ጨፍኖ የሚሰማት ሰው የጋይንት ልጅ ናት ይላል። ሁለተኛው ቴሁ፥ ከናሁሠናይ ጋር ስድስት ዓመት በአንድ ቤት የኖረ ወፍራም የጀልባ መካኒክ ነው። የእርሱ አማርኛ ግን ከማዕድ ላይ የተለቀመ ነበር፤ «ብላ»፥ «አይዞህ»፥ «እግዜር ይስጥልኝ»፥ ሌላም ሌላም፤ ጨዋ ሰው የማይደግማቸው ጥቂት ስድቦችም ነበሩበት።

«ደህና አደርክ አባባ!» አለ ቴሁ ጎንበስ ብሎ።

«አደሩ ይባላል!» ሶዮን በክርኗ ጎሸመችው።

«ተዪው ልጄ» አሉ መሪጌታ። «እግዚአብሔርንስ አንተ እያልን አይደል የምንለምነው?»

ሶዮን ሣቀች፤ ሣቋ ግን ሩቅ አልሄደም። ከቦርሳዋ ምስር የምታህል፥ ንግግር የምታዳምጥ ግራጫ ቁልፍ አውጥታ ከሽማግሌው ጉሮሮ ሥር ለጠፈችላቸው።

«ከአሁን ጀምሮ ፀሐይ እስክትገባ ነው» አለች። «ለእኔ የወደዱትን ይናገሩ፤ ለቴሁም፥ ለመንገደኛም። ለልጅዎ ድምፅ ግን አንዲት ቃል ከመለሱለት ቀኑ ፈረሰ።»

«ቢፈርስስ?»

«ዳግመኛ ለመጠየቅ ዐሥራ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው።»

መሪጌታ በሰባ አራት ላይ ዐሥራ ሁለት ደመሩ፤ ድምሩን ግን አልተናገሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሁሠናይ በዚህች ከተማ ሆስፒታል ለአገሩ ልጆች አስተርጓሚ ሆኖ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ፥ ከዐሥራ አራት ወር በፊት፥ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ልቡ በድንገት ቀጥ ብላ ሞተ። ለአባቱ የደረሰው የከተማዋ ደብዳቤ ግን ሞቱን አላረዳም፤ «ልጅዎ ከነሐሴ ሦስት ቀን ጀምሮ ሥራውን በድምፅ ቀጥሏል፤ እንኳን ደስ ያለዎት» ይል ነበር። መርዶውን ያረዳቻቸው ሶዮን ናት። በሄዎን የሚወለድ ልጅ ካነሰ ብዙ ዘመን ሆኗል። ነዋሪው ከተወሰነ ቁጥር ያነሰ ከተማ እንዲዘጋና ሕዝቡ እንዲበተን የአገሩ ሕግ ስለደነገገ፥ ሄዎን ሕዝቧን የምትቆጥረው ከነሙታኗ ሆነ። የሞተ ሰው ድምፁ ሥራ ይዞ ይውላል፤ ድምፁ እስካለ ድረስ ሰውየው ነዋሪ ነው፤ የነዋሪ ሥጋ ደግሞ ለቀብር አይሰጥምና ሬሳው በወደቡ ዳር በሚገኘው ቀዝቃዛ ቤት በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሬሳውን ሊጠይቅ የሚችለው የሥጋ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ ብቻ ነው፤ እርሱም ሟቹ በኖረባቸው ስፍራዎች እየተዘዋወረ አንድ ቀን በዝምታ መዋል አለበት። ድምፁ በበኩሉ የመጥራት መብት አለው። ሕጉ ሲወጣ የተሰጠው ምክንያት፥ «ማንም ዘመዱን በጥድፊያ እንዳይቀብር» የሚል ነበር።

መሪጌታ የመጡት ልጃቸውን በደብራቸው ግቢ ከእናቱ ጎን ሊያሳርፉት ነው። ዐርባው አልወጣ፥ ሰማንያው አልወጣ፥ ሙት ዓመቱም እንዲሁ አለፈ። እርሳቸው የዜማ መምህር ናቸው፤ ስንቱን ሰው በፍትሐት ሸኝተው የገዛ ልጃቸው ሳይፈታ መቅረቱ እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ለአገር ቤት ሊቃውንት፥ «ነፍስ ከሥጋዋ በተለየች ጊዜ ወደ ፈጣሪዋ ትሄዳለች እንጂ በሽቦ ላይ አትሰቀልም» ብለው አስረድተው ነበር። ይህን ሲሉ ግን «ጋቢዎን ደረብ ያድርጉ» የሚለውን ድምፅ ገና አልሰሙም።

ባቡሩ ንጹሕና ባዶ ነበር። ከሰማንያ መቀመጫ ዐሥራ ሁለቱ ሰው ይዘዋል፤ ከሌሎቹ መንገደኞች ሁሉ ታናሹ ዐምሳ ዓመት ይሆነዋል። በመስኮቱ በኩል አንድ ትምህርት ቤት አለፈ፤ ሜዳው የተጠረገ፥ ዥዋዥዌው አዲስ ቀለም የተቀባ። ሶዮን እንደነገረቻቸው ዐርባ ሦስት መምህራንና አራት ተማሪዎች አሉት። ከመምህራኑ የሚተነፍሱት ሁለቱ ናቸው። በየመንገዱ ጠርዝ የቆሙ ሰዎች ከመብራት ምሰሶ ጋር፥ ከሱቅ በር ጋር ያወራሉ። ባቡሩ በቆመበት ፌርማታ አንዲት አሮጊት የትኬት ሳጥኑን በጣቷ እየጠቆመች ትቆጣዋለች።

«ምን አድርጓት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ባሏ ነው» አለች ሶዮን። «ጠቡ በሕይወት ሳለ የጀመሩት ነው።»

በዚህ መካከል ከጣሪያው የአንዲት ባልቴት ድምፅ ቀጣዩን ጣቢያ ጠራ። ቴሁ ቆቡን አውልቆ ብድግ አለና በቋንቋው አንዳች ነገር መለሰ። ሲቀመጥ ፊቱ በርቶ ነበር።

«እናቴ ናት። ሥራዬ በዚያ፥ ቤቴ በዚህ። እኔ ግን በየቀኑ በዚህ ባቡር እዞራለሁ። እርሷ ትጠራለች፥ እኔ እሺ እላለሁ።»

«የዝምታ ቀን አልዋልክላትም?»

«ዋልኩ። ሁለት ደቂቃ!» ሁለት ጣቱን አወጣ። «ቁርስ በላህ ወይ አለች። በላሁ አልኩ። አለቀ!» ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ መሪጌታም ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ሣቁ ሲያበቃ ግን ቴሁ ወደ እርሳቸው ጎንበስ ብሎ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አባባ፥ ለምን ትገድለዋለህ?» አላቸው።

«ቴሁ!» አለች ሶዮን።

«ይጠይቅ።» መሪጌታ ነገሩን ጥቂት አመላለሱት። «የሞተውን ሞቷል ማለት መግደል አይደለም፥ ልጄ። በእኛ አገር ሬሳ አያድርም፤ ጧት የሞተውን ከማታ በፊት እናሳርፈዋለን። ስለምንጠላው አይደለም። አፈር ያልለበሰ ሰው መንገደኛ ነው፤ ከቤቱ ወጥቷል፥ ካሰበበት አልደረሰም። ልጄን መንገድ ላይ ልተወው?»

ቴሁ የገባው ግማሹ ብቻ ነበር። «አይዞህ» አለ፥ ሌላ ቃል ስላልነበረው።

«አባባ» አለ ከመቀመጫው ጀርባ የናሁሠናይ ድምፅ፤ «ቴሁ እውነቱን ነው። እኔ መንገድ ላይ አይደለሁም። እዚሁ አለሁ።»

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እስኪወርዱም አልገለጡትም።

እስከ ቀትር አራት ስፍራ አዳረሱ። ከእያንዳንዱ ሲወጡ ቁልፏ አረንጓዴ ብልጭ ትልና ትጠፋለች፤ ስፍራው ተቆጠረ ማለት ነው። ናሁሠናይ በኖረበት ቤት ውስጥ ማንቆርቆሪያው፥ «ውኃ ላፍላልዎ?» አላቸው። ፀጉሩን በሚስተካከልበት ሱቅ መስተዋቱ፥ «ጢምዎ ነጣ፥ አባባ» አለ። በባሕሩ ግንብ ላይ ሲሄዱ ግን ድምፁ ረጅም መንገድ ዝም ብሎ አብሯቸው ሄደና ከአንድ ምሰሶ ሲደርሱ፥ «ምን በደልኩዎ?» አለ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ። ሶዮን ክንዳቸውን ያዘች። እነርሱን ያየ መንገደኛ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ምሰሶ ያነጋግር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ፥ የረቡዕ ጾማቸውን የሚፈቱበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፥ ቴሁ ወደ ዓሣ ገበያው ወስዶ ከአንዲት ሾርባ ሻጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። ጎመንና ቶፉ የሚሉት የረጋ አኩሪ አተር ያለበት ትኩስ ጎድጓዳ ሳህን ቀረበ።

«ብላ አባባ፥ ብላ! ሥጋ የለም፥ ዓሣ የለም!»

መሪጌታ ባርከው ማንኪያውን አነሡ። ወደ አፋቸው ሲያደርሱት ከጠረጴዛው ሥር፥ በጥድፊያ፥ «አባባ፥ ይተውት! ጎመኑ የተቀቀለው በዓሣ ውኃ ነው። ቴሁ አያውቅም፤ እኔም የመጣሁ ዓመት እንደዚሁ ተሳስቼ ነበር» የሚል ድምፅ መጣ።

ሶዮን ሻጯን ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት ነበር።

መሪጌታ ማንኪያውን አስቀመጡ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ልጄ» የሚለው ቃል በጉሮሯቸው ሞልቶ ሊፈስ ደረሰ። ውለታ ተቀብሎ አለማመስገን በእርሳቸው ዘንድ ከመስረቅ አይለይም። ፊታቸውን ወደ ሶዮን አዙረው፥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ሶዮን ልጄ» አሉ። ቁልፏ ለአፍታ ሞቀች፤ መልሳም ቀዘቀዘች። ሶዮን ቃሉ የእርሷ እንዳልሆነ ዐውቃለች፤ አንገቷን ደፋች።

«የሞተ ሰው ጾም ይጠብቃል?» አሉ መሪጌታ ቆይተው፥ ደረቅ ዳቦ እየቆረሱ።

«እርሱ አይጾምም፥ አባባ። ያስታውሳል እንጂ።»

«አንቺስ ታናግሪዋለሽ?»

ሶዮን ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበች። «ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ አናገርኩት። አንድ ቀን የሠርጋችንን ዕለት ጠየቀኝ። አልፏል አልኩት። ታዲያ ሌላ ቀን እንቁረጣ፥ አለኝ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ብሄድ ቅጹ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ ከድምፅ ጋር የሚጋቡበት ቅጽ አላቸው። የእኔ ስም ተሞልቶ ነበር። ሬሳውን እንዳልጠይቅልዎ ገና ሚስቱ አልሆንኩም፤ ብሆን ደግሞ ባሌ ሕያው ነው።» ዳቦውን ቆርሳ አላነሣችውም። «እርስዎ ካልወሰዱት እኔም ከዚህ ከተማ አልወጣም። እግሬ እንቢ ይለኛል።»

ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። በአምስተኛው ፎቅ ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል። በመስኮቱ በኩል የተኙት ወይዘሮ አስናቁ የቡልጋ ሴት ናቸው፤ በመርከብ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ልብስ ሲያጥቡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ናሁሠናይ ስምንት ዓመት አስተርጉሞላቸዋል፤ ዛሬም ከራስጌያቸው ሆኖ ያስተረጉምላቸዋል።

«የእርሱ አባት ነዎት» አሉ ጥምጥሙን አይተው፤ ጥያቄ አልነበረም። «ሬሳ ሊወስዱ መጡ አሉኝ። ሬሳ ምን ይሠራልዎታል?»

«ላሳርፈው ነው፥ እናቴ።»

«እኔስ? ሐኪሙ ሲመጣ ሕመሜን ማን ይነግርልኛል?»

«ሌላ አስተርጓሚ ይመድባሉ።»

«ይመድባሉ! ሌላውን ሰምተውታል? እንደ ችሎት ጸሐፊ ነው የሚያወራ። ይሄ ግን "እትዬ፥ ዛሬ ፊትዎ ወዝ አለው" ይለኛል። ውሸቱን ነው፤ አጥቼው መሰልዎት? ውሸቱንም ቢሆን።»

በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ገብቶ መናገር ጀመረ። ድምፁ ወዲያው፥ «እትዬ፥ እግርዎ ዛሬም ያብጣል ወይ ይላል» አለ። «እስከ ጉልበቴ በለው» አሉ ወይዘሮ አስናቁ። ድምፁ ለሐኪሙ አስረዳ፤ ሐኪሙ ጻፈ። ናሁሠናይ ወደ ባዕድ አገር ከወጣ ጀምሮ መሪጌታ ልጃቸውን በሥራው ላይ አይተውት አያውቁም ነበር። አሁንም አላዩትም፤ ነገር ግን ሥራው ያማረ መሆኑን ሰሙ።

ሐኪሙ ሲወጣ ወይዘሮ አስናቁ ወደ መሪጌታ ዞሩ። ቁጣቸው ከፊታቸው ወርዶ ሌላ ነገር ተተካበት።

«እኔንም ያስቀሩኛል፥ አባቴ። ባለፈው ወር መጥተው ድምፄን ቀዱት። የልብስ አጣቢ ድምፅ ምን ይሠራላችኋል ብላቸው፥ ሊፍት ይሆናሉ አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ፥ አራተኛ ፎቅ እያልኩ ልኖር ነው።» ሊሥቁ ሞክረው ሣቁ ሳል ሆነባቸው። «የሚጠይቅልኝ ዘመድ የለኝም። እርሱ ግን እርስዎ አሉት። ይውሰዱት። የእኔን ነገር ይተዉት፥ ይውሰዱት።»

መሪጌታ የመስቀል ምልክት አድርገውባቸው፥ የክርስትና ስማቸውን ጠይቀው በልባቸው ይዘው ወጡ። በኮሪደሩ ላይ ድምፁ ተከተላቸው። «አባባ፥ እትዬ አስናቁን ትቼ ወዴት ልሂድ?» አለ። መሪጌታ እርምጃቸውን አፈጠኑ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ዝም አለ፤ በሊፍቱ ውስጥም፥ በባቡሩም፥ በወደቡ መንገድም አልጠራቸውም። ቀኑን ሙሉ ዝም እንዲል ሲመኙ ውለው፥ ዝም ሲል ግን ፈሩ።

የዝምታ ቀን የሚዘጋበት መሥሪያ ቤት ከቀዝቃዛው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው። በስተ ምዕራብ ግድግዳው መስታወት ስለሆነ ባሕሩና ፀሐይዋ ወለል ብለው ይታያሉ። ጓንት ያጠለቀች ጸሐፊ ወረቀቱን አዘጋጅታ፥ እስክሪብቶውን በላዩ አጋድማ ጠበቀቻቸው። ከጀርባዋ በተከፈተው በር በኩል፥ ባለ መንኮራኩር አልጋ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ሳጥን ተቀምጦ ነበር። መሪጌታ ያዩት ሳጥኑን ብቻ ነው፤ ቁመቱ ግን የልጃቸው ቁመት ነበር።

«እርሱ ነው?» አሉ።

«እርሱ ነው» አለች ሶዮን። «ስንት ቀረን? ሃያ ደቂቃ አይሞላም።» እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቴሁ ቆቡን ጨምድዶ በስተጀርባ ቆመ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለማን እንደሚጸልይ አይታወቅም።

ፀሐይ ከባሕሩ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀራት ድምፁ መጣ። አልጠራቸውም፤ አልለመናቸውም። ያዜም ነበር።

መሪጌታ ዜማውን ወዲያው ዐወቁት፤ የደረሱት ራሳቸው ናቸውና። ናሁሠናይ በሰባት ዓመቱ ከቤት እስከ ደብሩ ብቻውን እንዲሄድ ሲፈቀድለት፥ በመንገድ እንዲጸልየው ብለው ያወጡለት ሦስት መስመር ጸሎት ነበር።

«እግዚእየ፥ ምርሐኒ በፍኖትየ» አለ ድምፁ፤ ጌታዬ፥ በመንገዴ ምራኝ። «ወዕቀበኒ በምድረ ነኪር» አለ፤ በባዕድም ምድር ጠብቀኝ። ሦስተኛው መስመር ሊመጣ ሲገባው ዘለለውና ወደ «አሜን» ወረደ።

የዜማ መምህር ጆሮ እንደ ሌላው ሰው ጆሮ አይደለም። ሠላሳ ደቀ መዝሙር በአንድነት ሲጮኽ የተዘለለችውን አንዲት ቃል ለይቶ ያወጣል። መሪጌታ እንዲህ ያለውን ግድፈት ዐምሳ ዓመት ሙሉ ሲያርሙ ኖረዋል፤ እየበሉ ያርማሉ፥ እያንቀላፉ ያርማሉ፥ ወባ ሲያንቀጠቅጣቸው አርመዋል። ልብ ሳያዝዝ አፍ ይቀድማል።

«ወአግብአኒ ኀበ አቡየ!» አሉ ጮክ ብለው። ወደ አባቴም መልሰኝ።

ከጉሮሯቸው ሥር ያለችው ቁልፍ ሞቀች፤ እንደሞቀችም ቀረች።

ጸሐፊዋ ተነሥታ በሁለት እጇ ካርድ ይዛ ወደ መሪጌታ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች፤ በቋንቋዋም ተናገረች። ሶዮን አፏን በእጇ ይዛ ነበርና ልታስተረጉም አልቻለችም። ያስተረጎመው ከጣሪያው የመጣው ድምፅ ነው፤ «እንኳን ደስ ያለዎት እያለችዎ ነው፥ አባባ። ነዋሪነቴ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ጸንቷል።» ከበሩ ጀርባ የመንኮራኩር ድምፅ ተሰማ። ነጩ ሳጥን ወደ ውስጥ እየተገፋ ሄደ፤ በሩም ተዘጋ።

«እርሱ ራሱ ነው የነገራቸው» አለች ሶዮን በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። «በሕይወት ሳለ ያጫውተን ነበር። አባቴን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ መጥራት አያስፈልግም፤ ቃል መዝለል ይበቃል፥ ይለን ነበር። እየሣቀ ነበር የሚያወራው። እንዴት እንደሚወድዎ ሲነግረን ነበር፥ አባባ። ያን ሁሉ ጨዋታ መዝግበውታል።»

«ጨዋታ ነበር» አለ ቴሁ። እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። «አባባ፥ ጨዋታ ነበር።»

መሪጌታ የታሰሩበት ገመድ ከልጃቸው ፍቅር የተፈተለ መሆኑን ተረዱ፤ ስለዚህም በማን ላይ እንደሚቆጡ አላወቁም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ የኔታ» አለ ድምፁ፥ ደቀ መዝሙር ለመምህሩ እንደሚለው በትሕትና። «ተሳስቼ ነበር። ከመጀመሪያው ልድገመው?»

ከእንግዲህ ዝምታው የሚጠብቀው ነገር የለም። «ድገመው» አሉ መሪጌታ።

ድምፁ ጀመረ። በሁለተኛው መስመር ላይ፥ «ነኪር» ከምትለው ቃል ዘንድ፥ ዜማው ወደ ጥልቁ ወርዶ በአንድ ትንፋሽ መልሶ ይወጣል። ናሁሠናይ ያችን መውጫ አንድ ቀን አልፏት አያውቅም ነበር። ደረቱ ደካማ ስለነበረ ከመካከሏ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ በስርቆሽ ይተነፍስና ይሥቃል። በሰባት ዓመቱ ተሰበረ፤ በሠላሳ ዓመቱም በስልክ ሲያዜምላቸው ተሰበረ። መሪጌታ በመጀመሪያ ገረፉት፥ ቀጥለው ተስፋ ቆረጡ፥ በኋላ ግን ያቺን ስብራት ከዜማው አብልጠው ወደዷት፤ ልጃቸው እርሷ ነበረችና።

ቅድም ድንጋጤው ሸፍኗት ልብ አላሏትም ነበር፤ አሁን ግን ጆሯቸውን አዘንብለው ጠበቋት። ድምፁ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ ሳይሰበር፥ ሳይሰርቅ፥ በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ወጣ። ሦስተኛውንም መስመር አልዘለለም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ግድፈት አልነበረችበትም።

እንዲህ የሚያዜም ልጅ መሪጌታ ክንፈ አልወለዱም። ከማለዳ ጀምሮ ሲያንገላታቸው የዋለው ጥርጥር ከልባቸው ወጣ፤ በወጣበትም የዐሥራ አራት ወር ኀዘን ገባ። ልጃቸው ሞቷል። የሚቀብሩት ሬሳ፥ የሚያለብሱት አፈር የላቸውም፤ መሞቱን ግን ዐወቁ።

ብድግ አሉ። ፊታቸውን ወደ ተዘጋው በር መልሰው ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ መቋሚያቸውን ለቴሁ ሰጥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጸሐፊዋ የሥራ ሰዓት ማለቁን በእጇ አመለከተች፤ ሶዮን በመካከል ገብታ አስቆመቻት። መሪጌታ በለሆሳስ ፍትሐቱን ጀመሩ። «አዕርፍ ነፍሶ ለገብርከ ወልደ ሰንበት» ይሉ ነበር፤ የባሪያህን የወልደ ሰንበትን ነፍስ አሳርፍ። ወልደ ሰንበት የናሁሠናይ የክርስትና ስሙ ነው። ሰው ይህን ስሙን ለንስሐ አባቱና ለወላጆቹ እንጂ ለአደባባይ አይሰጥምና፥ ሌላውን ሁሉ የነገራት ናሁሠናይ ይህን ለከተማዋ አልነገራትም።

ድምፁ እንደ ጨዋ ልጅ ቃላቸው እስኪያበቃ በጸጥታ አዳመጠ። ከዚያም በርኅራኄ ጠየቃቸው።

«አባባ፥ ወልደ ሰንበት ማን ነው? ማን ሞቶብዎ ነው?»